ቮልሳችሁ መንገድ ዳር ቀጥ ብላ ስትቆም

ከሸኖ አለፍ ብለን ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድን ነበር። ጠዋት ነው፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ትንሿን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ ሳለ ከኋላ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ሞተሩ ግን አልጠፋም። እንዲያውም ቀለል ብሎት የሚሄድ መሰለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሞተሩ እስከሠራ ድረስ የሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ያሰኛል።

ዳር ይዤ አጠፋሁ። የኋላውን ኮፈን ስከፍት የፋን ቺንጋው (ማቀዝቀዣ ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ) ተበጥሶ አንድ ጫፉ ተንጠልጥሏል። መለዋወጫ ቺንጋ ይዣለሁ። የሚፈታበት 21 ቁልፍ ግን ቤት ቀርቷል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመን ከጠበቅን በኋላ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልንና ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ሰጠን። ሥራው ራሱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቮልስ አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። መንገድ ላይ የሚያቆሟት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹም በአንድ ትንሽ ቦርሳ መሣሪያ መንገድ ዳር ይጠገናሉ። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን ማወቅና አለመጣደፍ ነው። ከታች የምጽፈው በአየር ለሚቀዘቅዘው፣ ሞተሩ ከኋላ ለሆነው ለድሮው ቮልስ ነው። 1200ም ሆነ 1300 ወይም 1500 ብትነዱ አሠራሩ ያው ነው።

ከቤት ሳትወጡ

ቦርሳው ውስጥ እነዚህ ይኑሩ፦ በልኩ የሆነ የፋን ቺንጋ፣ 21 ቁልፍ (ካንዴላ መፍቻውም ብዙ ጊዜ 21 ስለሆነ ሁለቱንም ይሠራል)፣ ወፍራምና ቀጭን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10፣ 13 እና 17 ቁልፍ፣ አንድ ፑንቲናና አንድ ኮንዴንሰር (የካንዴላውን እሳት የሚያሠሩ ትናንሽ ዕቃዎች)፣ ሁለት ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የቤንዚን መስጫ ገመድ፣ አንድ ሜትር የቤንዚን ጎማ ከነማሰሪያው፣ ፊውዝ፣ ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ውኃ፣ አሮጌ ጨርቅ።

ዕቃው ጠፋ ብላችሁ አትስጉ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። በዚህ ብዛት የተነሳ መለዋወጫ ዛሬም ይሠራላታል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ መጠየቅ ነው። ብቻ ቺንጋ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። የዲናሞው (የባትሪ መሙያው) ዓይነት ሲለያይ የቺንጋውም ርዝመት ሊለያይ ይችላል።

ዘይት ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ለኩ። የዚህች ሞተር ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ሞተሯን ከሚያቀዘቅዙት ነገሮች አንዱ ደግሞ ራሱ ዘይቱ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ስትቆሙ መጀመሪያ የምታደርጉት

ከመኪናዋ በፊት ነፍስ ይቀድማል። መሪው እየታዘዘላችሁ እያለ፣ በቀራት ጉልበት ከአስፋልቱ አውጧት። ኩርባ ላይ ወይም የዳገት አናት ላይ አትቁሙ። ሃምሳ ሜትር ተንከባልላ የተሻለ ቦታ የምትደርስ ከሆነ ተንከባለሉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የቮልስ የእጅ ፍሬን በገመድ ስለሚሠራ ሲያረጅ ይላላል፤ ብቻውን አትመኑት።

ቀጥሎ ምልክት ነው። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ካላችሁ ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ከሌላችሁ እንደ አገራችን ልማድ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አድርጉ። ድንጋይ የደረደራችሁ እንደሆነ ቁጥሩን አስታውሱ። ለምን እንዳልኩ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ተሳፋሪውን አውርዳችሁ ከመንገዱ ወዲያ አቁሙ። መኪናዋ ጀርባ ቆሞ ሞተር መመልከት አደገኛ ነው፤ የቮልስ ሞተር ደግሞ ከኋላ ስለሆነ የምትጎነበሱት መኪና በሚመጣበት በኩል ነው። አንድ ሰው የሚመጣውን መኪና ብቻ ይጠብቅላችሁ።

ቀይዋ መብራት ስትበራ

ይህኛው ላይ ረዘም ልበል፤ ከሁሉም ይበልጥ ሞተር የሚገድለው እሱ ነውና።

ቺንጋው ከታች ከሞተሩ ተነስቶ ዲናሞውን ያዞራል። ዲናሞው በሌላኛው ጫፉ ማቀዝቀዣ ፋኑን ይዟል። ስለዚህ ቺንጋው ተበጠሰ ማለት ባትሪ አልተሞላም ማለት ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ አየር አጥቷል ማለት ነው። ቮልስ የውኃ ሙቀት መለኪያ የላትም፤ ውኃም የላትም። የምታስጠነቅቃችሁ በዚች በቀይ መብራት ነው። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። ወዲያው አጥፉ።

ኮፈኑን ክፈቱና ቺንጋውን እዩ። በቦታው ካለና ከጠበቀ ችግሩ ቀላል ነው፤ ፋኑ እየዞረ ነው፤ ያልሠራው ባትሪ መሙላቱ ብቻ ነው። ቀን ከሆነ መብራትና ሬዲዮ አጥፍታችሁ በባትሪው ጉልበት ቅርብ ከተማ መድረስ ትችላላችሁ። ከተበጠሰ ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. ቁልፉን ከመኪናው ንቀሉ። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ማርሚታው ከእጃችሁ አጠገብ ነው፤ ክፉኛ ያቃጥላል። ውኃ አታፍሱበት።

2. ከሞተሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ዘርጉ። ሮንዴላ የወደቀ እንደሆነ ሣር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

3. ዲናሞው ላይ ያለችውን ክብ ፑሌ እዩ። በውስጠኛው በኩል ባለው ግማሿ ጠርዝ ላይ የተቆረጠች ቦታ አለች። ወፍራሙን ካቻቢቴ እዚያ አስገቡና ዲናሞው አናት ላይ ባለው ብሎን አስደግፉት። እንዳትዞር የሚይዛት ይኸው ነው።

4. በ21 ቁልፍ መሐል ያለውን ዳዶ ወደ ግራ ፍቱት። ዳዶው ሲወጣ ከሥሩ ክዳን የመሰለች ሮንዴላ አለች። ከዚያ የፑሌዋ ውጫዊ ግማሽ ትወጣለች።

5. አሁን ቀስ በሉ። በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ከውጭ፣ ከዳዶው ሥርም ጥቂት ይኖራሉ። ከመሐል ስንት፣ ከውጭ ስንት እንደነበሩ ቁጠሩ። የቺንጋው መጥበቅና መላላት የሚወሰነው በእነዚህ ነው።

6. የተበጠሰውን ቺንጋ ፍርፋሪ ከታችኛው ፑሌ አካባቢ ልቀሙ። አዲሱን መጀመሪያ በታችኛው፣ ከዚያ በላይኛው ላይ አጥልቁ። ሮንዴላዎቹን በነበሩበት ቁጥር መልሱ። ግማሿን ፑሌ ግጠሙ፣ ዳዶውን አስገቡ።

7. ዳዶውን እያጠበቃችሁ ሞተሩን ትንሽ ትንሽ አዙሩት። አለዚያ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መካከል ይቆነጠጥና አዲሱም ይበላሻል።

8. መሐሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መስመጥ አለበት። ከላላ አንድ ሮንዴላ ከመሐል አውጡና ወደ ውጭ አድርጉ። ከጠበቀ ከውጭ ወደ መሐል መልሱ። «ጥብቅ ካለ ይሻላል» አትበሉ፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ቺንጋ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላዋል።

አስነሱ፤ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከሃምሳ ወይም ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ቆም ብላችሁ እንደገና ጫን በሉት። መለዋወጫ ከሌላችሁስ? አትንዱ። ገመድና ቀበቶ አስሮ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ጎታች ፈልጉ።

ሌላኛዋ የዘይት መብራት ናት፤ በድሮዎቹ ላይ አረንጓዴ ናት። እየሄዳችሁ ከበራች ያኔውኑ አጥፉና ዘይት ለኩ። ጎድሎ ከሆነ ሙሉ። ሞልቶ እያለ ከበራች ሞተሩን ዳግመኛ አታስነሱት።

ሞተሩ ራሱ ከጠፋ፦ ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?

ሰው ኮፈን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ሲነካካ ይመሻል። እናንተ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ የጠፋው ቤንዚን ነው ወይስ የካንዴላ እሳት?

መጀመሪያ ቤንዚን መኖሩን አረጋግጡ። በጣም የድሮዎቹ ቮልሶች የቤንዚን መለኪያ የላቸውም። በእግር በኩል ትንሽ የሪዘርቭ መክፈቻ አለቻቸው። ቤንዚን ሲያልቅ ሞተሩ መንተፍተፍ ይጀምራል፤ ያኔ እሷን ማዞር ነው፤ አምስት ሊትር ያህል ትሰጣችኋለች። ማደያ ስትደርሱ ሞልታችሁ መክፈቻዋን ወደ ቦታዋ መመለስ አትርሱ።

ቤንዚን ካለ የአየር ፍልትሮውን አንሱና ወደ ካርቡራተሩ አፍ እዩ። ሞተሩ እንደጠፋ፣ የቤንዚን መስጫውን እጀታ በእጃችሁ አንዴ ሳብ አድርጉት። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ስትረጭ ካያችሁ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ። ወደ እሳቱ እለፉ። ምንም ካልረጨ ቤንዚኑ አልደረሰም ማለት ነው።

ቆላ ስትወርዱ፣ በቀትር፣ ዳገት ወጥታችሁ ከቆማችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ አየር ሆኗል፤ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። የቤንዚን ፓምፑና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ኮፈኑን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳትነኩ ትነሳለች። ካልሆነ የቱቦውን መሰነጣጠቅና የፍልትሮውን መደፈን እዩ። የቆየ ታንክ ዝገት ይጥላል፤ ዝገቱ ደግሞ ጂግለሩን (ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቀጭን የቤንዚን ቀዳዳ) ይደፍናል።

እሳቱን ለመፈተሽ ረዳት ያስፈልጋችኋል፤ ቁልፉ ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ነውና። ከቦቢናው (ለካንዴላ የሚሆን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ዕቃ) የሚመጣውን መሐለኛውን ወፍራም ሽቦ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ንቀሉ። በደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር አርቁት። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አለመኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ረዳታችሁ ሞቶሪኖውን ያዙር። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ ከዘለለ ጥሩ ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ኮንዴንሰሩን ጠርጥሩ። ምንም ከሌለ ክዳኑን ክፈቱና ፑንቲናውን እዩ።

ፑንቲና ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተች እየተዘጋች እሳት የምትሰጠው ትንሽ ዕቃ ናት። በጊዜ ብዛት ጫፏ ይቃጠላል፣ ወይም መክፈቷን ታቆማለች። ሞተሩን በ21 ቁልፍ ቀስ እያላችሁ አዙሩና በጣም በተከፈተችበት ቦታ ላይ አቁሟት። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መለኪያ ከሌላችሁ ወፈር ያለ ቢዝነስ ካርድ ጠበቅ ብሎ ካለፈ ለመንገድ ይበቃል። የያዣዋን ብሎን ላላ አድርጋችሁ አስተካክሉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ጫፏ ከጠቆረ በደረቅ ካርድ ጥረጉት። የካንዴላ ሽቦዎች ከተምታቱባችሁ የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

ገመድ ሲበጠስ

የቤንዚን ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁ ዝም ብሎ ወለል ከነካ ገመዱ ተበጥሷል። መለዋወጫ ከሌለ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የሚኒሞ ብሎን (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት የምትወስነውን) ወደ ውስጥ እያጠበቃችሁ ሞተሩን ትንሽ አስጮሁት። ከዚያ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በፍሪሲዮን ብቻ እየተቆጣጠራችሁ፣ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ሂዱ። ሲባጎ አስረው ከመስኮት እየሳቡ የሚነዱ አሉ። እኔ አልመክርም፤ የተያዘ እንደሆነ ቤንዚኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

የፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስም መሄድ ይቻላል። ሞተሩን አጥፉ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፊታችሁ ክፍት መሆኑን አይታችሁ በሞቶሪኖው አስነሱ። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ትነሳለች። ፍጥነት ስታገኝ ቤንዚኑን ለቀቅ አድርጋችሁ ማርሹን ወደ ዜሮ አውጡ። ትንፋሽ ያህል ቆዩ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀስ ብላችሁ ግፉት። አትታገሉት፤ ፍጥነቱ ሲገጥም ራሱ ይገባል። ከመቆማችሁ በፊት ወደ ዜሮ መልሱ። ይህ ለገጠር መንገድ ነው። የአዲስ አበባ መብራትና ትራፊክ ውስጥ አትሞክሩት።

ዳገትና ቁልቁለት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 34 ፈረስ ጉልበት ያላት 1200 ቮልስ ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያቃሰተች አትውጡ። ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ነው፤ ማርሽ ስትቀንሱ ሞተሩ ይጮኻል፣ አየሩም ይበዛል። ድምፁ አያስፈራችሁ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ የአብዛኞቹ ቮልሶች ጎማዎች ሁሉ የከበሮ ፍሬን ናቸው። ሲግሉ ይደክማሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ዜሮ አድርጋችሁ በፍጹም አትልቀቋት። ፔዳሉ ወለል ከነካ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ። የእጅ ፍሬኑ የፍሬን ዘይት ስለማይፈልግ ዘይቱ ፈስሶም ቢሆን ይሠራል። ከቆማችሁ በኋላ በከበሮዎቹ ላይ ውኃ አታፍሱ። እስኪበርዱ ተቀመጡ።

እሳት

ይህን ክፍል ማንም እንዳያልፈው እለምናለሁ። ብዙ ቮልሶች የሚቃጠሉት በአንዲት የተሰነጠቀች የቤንዚን ጎማ ምክንያት ነው። ጎማዋ ካርቡራተሩ አጠገብ ናት። ስትደርቅ ትሰነጠቅና የጋለ ሞተር ላይ ታንጠባጥባለች። ቆንጥጣችሁ ስታጥፏት ስንጥቅ ካያችሁ ዛሬውኑ ቀይሯት። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

እየነዳችሁ ቤንዚን ከሸተታችሁ አጥፉ፣ ሁሉም ይውረድ። ጭስ ካያችሁ ኮፈኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ሲያገኝ ይንቦገቦጋል። ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ በዱቄት ማጥፊያ ርጩበት። ውኃ አይሆንም። የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ማግኒዥየም ከተያያዘ ውኃ ያብሰዋል። ማጥፊያውን ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ቦታ እሰሩት። ካልጠፋ ግን ራቁ። መኪና ይተካል።

ሌላው ባትሪው ነው። ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ሦስት ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል፤ የመቀመጫው ሙሌት ደግሞ ቶሎ ይያያዛል። የባትሪውን ጫፎች በወፍራም ጎማ ሸፍኑ።

ጎማ፣ ባትሪ፣ መጎተት

የድሮ ቮልስ የመስታወት ውኃ የምትረጨው በተቀያሪው ጎማ አየር ነው። ብዙ የረጨ ሰው ተቀያሪው ጎማ ጎድሎ ያገኘዋል። ከጉዞ በፊት አስለኩት። ጎሚስታው አራቱንም እኩል ሊነፋላችሁ ይፈልጋል፤ እምቢ በሉ። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ፊቱ ይቀንሳል፤ ለራዲያል ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። እኩል ከተነፋ መሪው ይዋልላል።

ክሪክ የሚገባበት ቱቦ ከሥር ሊዝግ ስለሚችል ስታነሷት ሥሯ አትግቡ። ለስላሳ አፈር ላይ ከክሪኩ ሥር ጣውላ አድርጉ። ቸርኬው የሚታሰረው በብሎን ነው እንጂ በዳዶ አይደለም፤ ስለዚህ ስትመልሱ ቀዳዳውን በካቻቢቴ አገጣጥማችሁ የመጀመሪያውን ብሎን አስይዙ።

ባትሪ ከደከመ ግፏት። ቁልፍ ክፈቱ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሰው ሶምሶማ ሲሮጥ ያህል ስትፈጥን ልቀቁ። መኪናችሁ 6 ቮልት ከሆነች ከ12 ቮልት መኪና ኤሌክትሪክ አትበደሩ።

መጎተት ካለባችሁ ገመዱን ፓራውልቱ ላይ አትሰሩ፤ ተነቅሎ ይቀራል። ፊት ለፊት ከሥር ያለውን የአክስል ቱቦ ያዙ፤ የፍሬን ቱቦ እንዳትጫኑ። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ክፍት አድርጉ።

መኪናዋ ስትነሳ ደስታው ይዞን እንሄዳለን። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የደረደራችሁትን ድንጋይ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ከአስፋልቱ አንሱ። ማታ ያን ድንጋይ የሚያገኘው ሞተር ሳይክል ነጂ እናንተን አያውቃችሁም። ቅርንጫፉንም ወደ ቦዩ ጣሉት። በማግስቱ ደግሞ የተጠቀማችሁበትን ቺንጋ ወይም ፑንቲና ገዝታችሁ ቦርሳው ውስጥ ተኩ፤ 21 ቁልፉም መመለሱን እዩ።